ባዶ ከመጣ አትንካ

የእህቴን ልጅ ስም እዚህ አልጽፍም። ከሞተች በኋላ በአደባባይ ተጠርቷል፤ ይበቃል። እገሊት እላታለሁ። እህቴንም የእገሊት እናት።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ከተማ ሴቻ። ለችግረኛ እናቶች በየወሩ የልጆች ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና የሚያድል አንድ ትንሽ የእርዳታ ማኅበር ነበር፣ እኔ የማኅበሩ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። የኮምፒውተር ሠራተኛ ሲባል ደህና ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ እኔ፣ ቫይረስ ሲገባ እኔ፣ የሥራ አስኪያጁ ሞባይል አልከፈት ሲል እኔ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲያልቅ ሳይቀር እኔ እጠራለሁ። «ኮምፒውተር ተምሬ ናፍጣ ልቅዳ?» ብዬ እጮሃለሁ፣ ጮሄ ጮሄ እቀዳለሁ።

ዋናው ሥራዬ ግን ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሠርቶት የሄደውን የእናቶች መመዝገቢያ መጠበቅ ነበር። ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አገኘና የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። መመዝገቢያው በኢንተርኔት የሚሠራ ነው። እኛ ሴቻ ሆነን፣ የጨንቻው ቅርንጫፍ ደግሞ እዚያ ደጋው ላይ ሆኖ፣ አንድ ሰርቨር ላይ እንጽፋለን። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገጽ አለው። ገጹ ላይ የልጆቹ ስም ተደርድሮ ከእያንዳንዱ ስም ፊት አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ቼክ ቦክስ የሚባለው፣ ይቀመጣል። ልጁ ቤት ውስጥ ካለ ራይት ይደረግበታል፤ ከሌለ ራይቱ ይነሳል። ከዚያ «መዝግብ» የሚለው ይጫናል፣ አለቀ።

የእደላ ቀን የጥሪ ዝርዝር የሚታተመውም ከዚሁ ነው። ታዲያ እናቶቹ የሚጠሩት በራሳቸው ስም አይደለም። እኛ አገር ሴት ከወለደች በኋላ የገዛ ስሟን የሚጠራት የለም፤ የእገሌ እናት ናት። መጀመሪያ ሰሞን በመታወቂያ ስማቸው ሲጠሩ፣ ግቢው በሴት ሞልቶ አንዲት እንኳ ሳትነሳ ቀረች ይባላል። ይሄኔ ዘበኛችን ተቆጡ። ዘበኛችን ከደጋ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ጋሞኛ ጋሞኛ ይላል፣ ድምፃቸው ግን ያለ ማይክ አባያ ይደርሳል። «በልጁ ጥራው እንጂ! እሷ ስሙን መቼ ያውቃል!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ «የእገሌ እናት» እያለ እንዲወጣ ተደረገ፣ ጠሪውም እሳቸው ሆኑ። ያ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ኮዱን ሲጽፍ ራይት ያለበትን የመጀመሪያ ልጅ ስም እንዲያወጣ፣ ራይት ያለበት ልጅ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የእናትየዋን ስም እንዲያወጣ አድርጎታል።

እህቴ ታላቄ ናት። ጨንቻ፣ አባታችን ሸማ እየሠራ፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ አሳደገችኝ። ለትምህርት እኔ ስደርስ ሁለታችሁን ማስተማር አይቻልም ተባለ። እሷ ወጣችና እኔ ገባሁ። የጀመረችውን ደብተር ከኋላው ገልብጣ ሰጠችኝ፤ በግራ በኩል የሷ ጽሑፍ፣ በቀኝ በኩል የእኔ። ከዚያ አግብታ አርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ወረደች። ባሏ ከጫሞ ዓሣ የሚያመላልስ ፒክአፕ ይነዳል፣ እሷ ገበያ ማንጎና ሙዝ ትሸጣለች። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ቢሆንም መጥፎ አልነበረም።

ልጅ ግን እምቢ አላት። ዓመት መጥቶ ዓመት ይሄዳል፣ ምንም የለም። ጸሎት ቤት ያልተጸለየላት ጸሎት የለም፤ ዘይት ተቀብታለች፣ ጾማለች፣ ተንበርክካለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የእገሌ እናት ሲባል እሷ «የሹፌሩ ሚስት» ነበረች። ይሄ ምን ያህል ያንገበግባት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዷ «የሹፌሩ ሚስት፣ ማንጎሽ ስንት ነው?» ብትላት «ሹፌሩን ጠይቂው!» ብላ ቅርጫቱን ገለበጠችው። ማንጎው መንገድ ለመንገድ ተንከባለለ። ቁጣ በዘራችን ነው።

እገሊት ስትወለድ ያ ሁሉ አለቀ። እህቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ስም አትሰማም። እኔ እንኳ እንደ ልማዴ «እታለም» ስላት፣ «እታለም ማናት? የእገሊት እናት በይኝ!» ትለኛለች። አንዳንዴ ላናድዳት ብዬ አስረዝመዋለሁ፤ «ክብርት የእገሊት እናት ሆይ» ስላት በሳቅ ትፈርሳለች። አንድ ጊዜ በአባታችን ወገን ሽማግሌ የሆኑ ዘመዳችን በልጅነት ስሟ ቢጠሯት፣ «እሷ ሞታለች፣ እኔ የእገሊት እናት ነኝ» አለቻቸው። እንዲህ ነበር ደስታዋ።

ልጅቱ ራሷ ጉድ ነበረች። ገና ፊደል ሳትቆጥር ምላሷ ለብቻው ይሄዳል። የእደላ ቀን ከእናቷ ጋር ትመጣና ማንጎው ሥር ቁጭ ትላለች። ዘበኛው «የእገሊት እናት ይምጣ!» ሲሉ እናቷ ነጠላዋን ሳትሰበስብ እሷ «አቤት!» ብላ ትሮጣለች። ግቢው ሁሉ ይስቃል።

«እናትሽን ነው የጠራሁት፣ አንቺ ምን አገባህ?» ይሏታል።

«በስሜ ጠርተኸኛል!» ትላለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

እውነቷን ነው። ሽማግሌው ዱቄቱን እሷ የተሸከመች አስመስለው ራሷ ላይ ደግፈው ይይዙና እስከ እናቷ ድረስ አብረዋት ይሄዳሉ። በየወሩ ይሄው ነው። ሴቶቹ የእደላ ቀን ሲደርስ «ዛሬ ያቺን አቤት ባይ እንሰማለን» እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው እዚህም እዚያም ሲያቁር ወባ ገባ። እገሊት ጠዋት ራሴን አለች፤ ሲመሽ አንቀጠቀጣት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ መድኃኒትም ሰጧት፣ አልሆነም። ምን ልበል፣ አልሆነም። ጸሎት ቤቱ ድንኳን ጣለ፣ መዘምራኑ መጡ፣ «ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሳ» ተባለ። እህቴ ድንኳኑ ጥግ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ሆኜ በልቤ እናደዳለሁ፤ መስጠቱን ያን ሁሉ ዓመት ያዘገየው ጌታ መንሳቱን ምን አጣደፈው እላለሁ። ይቅር ይበለኝ። ዛሬም ያናድደኛል።

ማኅበራችን አንድ ደግ ደንብ ነበረው። ልጅ የሞተባት እናት እስከ ዓመቱ መጨረሻ እርዳታዋ አይቋረጥም። ስለዚህ እህቴ ከዝርዝር አትወጣም፤ የልጅቱ ራይት ብቻ ነው የሚነሳው። ማዶ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው መዝጋቢያችን ገጹን ከፍታ አነሳችው፣ «መዝግብ»ን ተጫነች፣ «ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ማየት አልፈልግም ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

የሚቀጥለው እደላ ላይ እህቴን ጎረቤቶቿ ደግፈው አመጧት። እኔ ዝርዝሩን አትሜ ለዘበኛው ሰጠኋቸው። እሳቸው የሚያነቡት ፊደል በፊደል ነው፤ ምን እንዳነበቡ የሚገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

«የእገሊት እናት ይምጣ!»

ሁሉም ሰው ሳያውቀው ያቺን «አቤት» ጠበቀ። ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እህቴ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ዱቄቷን ተቀበለች፣ ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጣች።

«ሞታለች አላላችሁም?» አለችኝ።

«ብለናል እታለም። ራይቱ ተነስቷል፣ እዚያው ነበርኩ...»

«ታዲያ ለምን ትጠሩብኛላችሁ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። «ስሟን በአደባባይ አታስጠሪብኝ። ኮምፒውተር ተምረሽ የለ? እስከ ዛሬ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም፣ ይቺን ብቻ አድርጊልኝ። ሁለተኛ ብሰማው አልችለውም።»

እውነቷን ነው፣ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። በሷ ደብተር ተምሬ በሷ ትከሻ ቆሜ ይቺን ታክል ነገር ካላደረግኩላት ሰው ነኝ ወይ? እሷ እንደሄደች መዝጋቢያችን ላይ ጮህኩባት። «አንድ ራይት ማንሳት ያቅትሻል? ደመወዝ የምትበይው ለምንድን ነው?»

ምስኪን፣ «ነይ እይ» አለችኝ ብቻ። ገጹን ከፈተች። አነሳችው፣ መዘገበች፣ አረንጓዴው መጣ። ገጹን ዘግታ መልሳ ከፈተች። የእገሊት ራይት እዚያው ቦታው ላይ ነው።

«ወዮልኝ!» አልኩ።

ማውሱን ነጥቄ ራሴ ሞከርኩ። አነሳታለሁ፣ ተመልሳ ትመጣለች። አነሳታለሁ፣ ትመጣለች። መዝጋቢያችን «በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም» እያለች ወደ በሩ ሸሸች። «ሰይጣን አይደለም፣ ኮድ ነው!» አልኳት፤ ይህን ስል ግን ማውሱን ለቅቄ ራቅ አልኩ። እናቷ ለምና ያገኘቻት ልጅ አልሄድም ያለች መሰለኝ። ማፈር የለብኝም፣ ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ።

ልቤ ሲመለስ ብዙ ልጅ ያለበትን ሌላ ቤት ከፍቼ አንዱን አነሳሁ። ተነስቶ ቀረ። መልሼ አስገባሁት። እንግዲያው ችግሩ እህቴ ቤት ነው። የእህቴን ቤት ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው? ያኔ ገባኝ፣ ምነው ባልገባኝ።

ቼክ ቦክስ ጠባዩ እንዲህ ነው። ራይት ያለበት ይናገራል። ራይት የሌለበት «የለም» አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። ገጹ ወደ ሰርቨር ሲላክ የሚሄዱት ራይት ያላቸው ስሞች ብቻ ናቸው። እዚያ ያለው ስክሪፕት፣ ሥራውን የሚያዘው ኮድ፣ የመጡትን ተቀብሎ ከድሮው ጋር ያስተያያል፣ የቀረውን ይሰርዛል። ከብዙ ልጆች አንዱ ሲጎድል የቀሩት ይሄዳሉ፣ በነሱ የጎደለው ይታወቃል። አንድ ልጅ ብቻ የነበረበት ቤት ያ አንዱ ሲነሳ ግን ከቤቱ ምንም ነገር አይሄድም። ስክሪፕቱ ስለ ልጅ መጠየቁንም አያውቅም።

ኮዱን ከፍቼ ወረድኩበት። አንድ መስመር አገኘሁ። ኮዱን የጻፈው ልጅ ከጎኑ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በአማርኛ፣ ለራሱ ማስታወሻ ጽፎበታል፦ ባዶ ከመጣ አትንካ።

አዲስ አበባ ደወልኩለት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ባዶ ከመጣ አትንካ ማለት ምን ማለት ነው? እጅህን ይቁረጠው!»

ሳቀ፣ የቀለድኩ መስሎት። «የጨንቻን ኔትወርክ ረሳሽው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ጨንቻ ላይ ጉም ሲወርድ መስመሩ ይቆራረጣል፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ገጹ በከፊል ይከፈትና የልጆቹ ስም ገና ሳይመጣ እነሱ ከላይ ያለውን «መዝግብ» ይጫኑታል። የሞላ ቤት ልጆች በአንዴ ይጠፋሉ። እናቶች ለእደላ ያን ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው፣ ልጅ የላችሁም ተብለው፣ ባዶ እጃቸውን ዳገቱን ተመለሱ። እሱም ይሄን አይቶ ሌሊቱን ሲያስብ አደረ። ከአንድ ቤት አንድም ልጅ ሳይመጣ ከቀረ፣ የተቆረጠው መስመር ነው፣ ልጆቹ አሉ፣ ያለውን ጠብቅ ብሎ ጻፈ።

«ልጆቹን ልጠብቅ ብዬ ነው» አለኝ።

«አንድ ብቻ የነበራት፣ እሱም የሞተባትስ?»

«ቤት እንዳለ ባዶ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «ማን ሞተ?»

«የእህቴ ልጅ።»

ያውቃታል። በሱም ዘመን «አቤት» ትል ነበር፤ አንድ ቀን ሮጣ ስትወድቅ ያነሳት እሱ ነው። ልሰድበው ነበር የደወልኩት፣ አቃተኝ። እኛ አገር መብራትና መስመር ባይቆራረጥ ኖሮ ያን መስመር አይጽፍም ነበር። ደግ ሊሠራ ብሎ ነው። «በርታ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ሌሎችም እንዳሉ ፈለግኩ። ነበሩ። አንድያ ልጃቸውን ቀብረው በልጃቸው ስም እየተጠሩ ብድግ የሚሉ እናቶች ነበሩ፣ አንዳቸውም ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። የቢሮ ነገር ነው፣ እንዲህ ይሆናል ብለው ይሆናላ። ብዙ የወለደች ሲጎድልባት ወዲያው ይታረማል፤ ስህተቱ መርጦ መርጦ አንድ ብቻ የነበራትን ነው የሚይዘው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ገጹ ላይ፣ ከልጆቹ ሁሉ በታች፣ ዓይን የማያየው አንድ ድብቅ ሳጥን ይጨመራል። ገጹ ሙሉ ሆኖ ከተላከ እሱ ሁልጊዜ አብሮ ይሄዳል። ሥራው «ተጠይቀናል» ማለት ብቻ ነው። እሱም ካልመጣ መስመር ተቆርጧል፤ እሱ ብቻውን ከመጣ ግን ቤቱ በእውነት ባዶ ነው። ጻፍኩት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ።

የእህቴን ገጽ ከፈትኩ። የእገሊትን ራይት አነሳሁና «መዝግብ» ላይ እጄ ቆመ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ፣ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፣ አልቅሼም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ የሞተችው ያኔ ነው። ተጫንኩት። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩ፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። መዝጋቢያችን ከኋላዬ «ጌታ ይመስገን፣ ሠራ!» አለች። እኔ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅኩ።

ሲቀላ ወርጄ ለእህቴ ነገርኳት። «ጨርሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ በሷ አይጠሩሽም» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። «ጌታ ይባርክሽ። የተማረ ሰው ያለው አያፍርም» አለች። ያን ቀን ከልጇ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ስትቀምስ አየኋት፤ የበቆሎ ድቡልቡሉን ፎሰሴ ሠርታ ከሀላኮው፣ ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር አብረን በላን።

የእደላው ቀን ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች፣ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ዘበኛው ዝርዝሩን ይዘው ይጠራሉ፣ ሴቶቹ እየተነሱ ይቀበላሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ ነው። ተራዋ ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የወጣው አባታችን በጋሞኛ ያወጣላት ስም ነው። ሽማግሌው ጮክ ብለው ጠሩት።

ማንም አልተነሳም።

ደግመው ጠሩ። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ፣ «ማናት? ማናት?» ይባባላሉ። እህቴም አብራቸው ዞረች። አንገቷን አስግጋ ከኋላ የተቀመጡትን ትቃኛለች፤ ያቺ የምትጠራው ሴት ማን እንደሆነች እየፈለገች ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ፊቷ ቆሜ በዚያ ስም ልጠራት ብል አፌ እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «የእገሊት እናት» አልኳት።

«አቤት» አለች።

«አንቺን ነው የሚጠሩሽ።»

«እኔን?» ዘበኛውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። እጄን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

«እሷን ስታወጪ እኔንም አወጣሽኝ ማለት ነው?»

«አንቺው ነሽ ያልሽኝ» ማለት ይቻል ነበር። ያን የሚል ምላስ ይድረቅ።

«መመለስ ይቻላል?» አለችኝ።

«ይቻላል እታለም። አንድ ራይት ነው። አሁኑኑ እመልሳታለሁ።»

«በይ መልሺያት።»

ዞሬ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ሹራቤን ከኋላ ያዘችኝ። ዘበኛው ሌላዋን እናት ጠርተው ኖሮ አንዲት ሴት ልጇን በእጇ እየጎተተች ወደ ዱቄቱ ትሄዳለች። እህቴ ልጁን ስታየው ቆየች።

«ተይው» አለች። «ብትመልሺያትስ፣ አቤት አትልም።»

ሹራቤን ለቀቀችኝ። ዱቄቷን ሳትቀበል በበሩ ወጣችና ቁልቁል ወደ ሲቀላ ወረደች።